የሠራተኛን ስም ስለሚሰርቁ ፊልሞች

ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ጥንት ነገሥታትና ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች የሚሠሩትን ዘጋቢ ፊልሞች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ በቤት ተቀምጦ ጊዛን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ጠቤ ሕንፃውን አሳይተው ሲያበቁ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ይህን በእውነት ሰው ሠርቶት ነውን?» ከሚሉት ጋራ ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ መልሱን ግን በጉያው ይዞ የመጣ ነው።

ልማዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኤሪክ ፎን ዴኒከን የተባለው የስዊስ ሰው በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጥንት ሰዎች ጥበብን ከሌላ ዓለም ከመጡ እንግዶች እንደ ተቀበሉ ለማስረዳት ደከመ። በ1970 ከመጽሐፉ ፊልም ወጣ፤ ያም ፊልም፥ ጉድ ነው፥ በዘጋቢ ፊልም ወገን ለኦስካር ሽልማት ታጨ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በየቴሌቪዥኑ ተባዝተዋል።

እንግዲህ ሠሪውን እንፈልገው። የፈርዖን ኩፉ ፒራሚድ ሲፈጸም ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበረ፤ ድንጋዩም 2,300,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በ2013 በቀይ ባሕር ዳር፥ ዋዲ አል-ጃርፍ በሚባለው ቦታ፥ ፒየር ታሌ የሚመራቸው የቁፋሮ ሊቃውንት 4,500 ዓመት ያህል የሆናቸው የፓፒረስ ጽሑፎች አገኙ። ከመካከላቸው ሜረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ የዕለት መዝገብ አለበት። ሜረር ከቱራ ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ፥ በዚሁ በእኛው ዓባይ ላይ ወደ ጊዛ ሲመላለስ፥ ቀን የት እንደ ዋለ፥ ማታም የት እንዳደረ ጽፎ አስቀምጧል። ስለ ሰማይ እንግዳ አንዲት ቃል የለችበትም።

በ1990ም ከፒራሚዶቹ አጠገብ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። አጥንታቸው ሲመረመር ወገባቸው በሸክም ብዛት የተጎዳ፥ ክንዳቸውም ተሰብሮ በወጌሻ እጅ ተቃንቶ የዳነ ሰዎች ታዩ። ከሰፈራቸው የዳቦ መጋገሪያ ተቆፍሮ ወጥቷል። በሰማይ መርከብ የመጣውን እንግዳ ወገቡን ምን አሳመመው? ዳቦውስ ለማን ተጋገረ? ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ሳይሰሙ ቀርተው አይመስለኝም፤ ወጌሻና ዳቦ ተመልካች አይጠሩም ብለው ነው።

ደግሞ ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚወድቅ ልብ አድርጉ። የጀርመንን የኮሎኝ ካቴድራል አይቶ፥ ከሰማይ የወረደው ማን ነው የሚል እምብዛም አይሰማም። ታላቋን ዚምባብዌ ግን አፍሪካውያን አልሠሯትም ለማለት ብዙ ቀለም ፈሰሰ፤ ገርትሩድ ኬተን-ቶምፕሰን በ1929 ቆፍራ የአፍሪካውያን ሥራ መሆንዋን ካስረዳች በኋላ እንኳ ክርክሩ በቶሎ አልቆመም። ወደ እኛም ስንመጣ፥ ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በላሊበላ ሥራ የቴምፕላር ፈረሰኞች እጅ ሳይኖርበት አይቀርም የሚል ግምት አቀረበ። ይህን ሁሉ እየሰማና እያየ ያደገ ልጅ፥ ከእኔ ወገን እጅ ታላቅ ነገር አይወጣም ብሎ ቢያምን ምን ይደንቃል?

ምናልባት፥ «የእኛስ አባቶች ላሊበላን መላእክት ረዱት ይሉ የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፥ ይላሉ። ነገር ግን በትውፊቱ መላእክት የመጡት ሊያግዙ ነው፤ ቀን ሰዎቹ ሲፈለፍሉ ይውላሉ፥ ሌሊት መላእክት ይተካሉ። ሲነጋም መሮና መዶሻውን ሊያነሣ የሚመለስ ሰው አለ።