አፍንጫ፣ የሳንባ ዘበኛ

በታኅሣሥና በጥር፣ ውቂያ በሚደርስበት ወቅት፣ በጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ ከአውድማው የሚነሣው እብቅ ከሩቅ ይታያል። አባት እህሉን በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ፣ እናት በሰፌድ ታበጥራለች፤ ልጆች በሬ ይነዳሉ። ማታ የልጇ ንፍጥ ጠቁሮ ያየች እናት ልትደነግጥ ትችላለች። ነገር ግን ያ ጥቁር ንፍጥ አፍንጫው ሥራውን መሥራቱን ያስረዳል።

በአፍንጫ መግቢያ ያለው ፀጉር ገለባና አሸዋን ያግዳል። ያለፈውን ትቢያ ንፍጡ አጣብቆ ይይዘዋል። ከሥሩ ያሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ደግሞ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ማስነጠስም የሚያውከውን ነገር በኃይል ማስወጫ ነው።

እንስሳትም እንደየኑሯቸው ጠባቂ አላቸው። በሬው በምላሱ አፍንጫውን እየላሰ ያጸዳል። በአፋርና በሱማሌ በረሃ የሚኖረው ግመል አሸዋ ሲነሣ አፍንጫውን ይዘጋል።

ሰው ግን አፍንጫውን መዝጋት አይችልም፤ ዘበኛውም ሁሉን አያስቀርም። ከሚሊ ሜትር 1/100ኛ የሚበልጠው ትቢያ አብዛኛው አፍንጫ ላይ ሲቀር፣ ከ1/400ኛ የሚያንሰው እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል። የኩበትና የእንጨት ጢስ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ሕፃን አዝላ ምድጃ ሥር የምትጋግር እናት ጢሱን ለሁለት ትተነፍሰዋለች።

እንግዲህ እናቶች ምን እናድርግ? ቤት ከመጥረጋችን በፊት ውሃ እንርጭ። በአውድማ፣ በወፍጮ ቤትና በመንገድ ጽዳት የምንሠራ አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን። ነጠላ ደርቦ መከናነብ ለሻካራው አቧራ ይረዳል፤ ጢስን ግን አያስቀርም። ለጢሱ መፍትሔው መውጫ ማበጀት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሕፃኑንም ከምድጃው ማራቅ ነው። የአፍንጫን ፀጉር መንቀል ዘበኛን ከማባረር አይለይም፤ ቁስልም ያመጣል።

ልጆቻችንን በአፍንጫ መተንፈስን እናስለምዳቸው። ጉንፋን ሳይዘው ዘወትር አፉን ከፍቶ የሚተነፍስና ሲተኛ የሚያንኮራፋ ልጅ ካለ፣ «ልማዱ ነው» ብለን አንለፈው፤ መተንፈሻው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።