ኮምፒውተር የሚመረጠው ከሶኬቱ ጀምሮ ነው

ሐምሌ 2016 ለኢትዮጵያ ወጣት ሁለት ዜና ይዞ መጣ። በወሩ አጋማሽ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ያስተምራል የተባለው አገራዊ ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወጣቱ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ በተጠራበት ወር ኮምፒውተሩ ከእጁ ራቀ።

ይህ ነገር ቦንጋ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በኅዳር 2014 ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎችም አንዷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። የኮምፒውተር ዕቃ በአማራጭ የሚገኘው ግን 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነው። ጌም የሚጫወትበት፣ በፕሌይስቴሽን ቤት ያደገባቸውን የድሮ ጨዋታዎች የሚያስነሳበት፣ በዚያው ሳጥን ትምህርቱን የሚሠራበት ኮምፒውተር ራሱ ልገጣጥም ያለ ወጣት የወራት ቁጠባውን ይዞ ነው መኪና የሚሳፈረው። የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ከተመለሰ የሚከፍለው ትርፍ ዋጋ የመንገዱም ጭምር ነው።

ወጣቱ ምክር የሚያገኘው ከዩቲዩብ ነው። ምክሩም የታወቀ ነው፦ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ ግራፊክስ ካርድ ላይ አውል፣ ከሌላው ቀንስ። ይህን የሚመክረው ሰው መብራት የማይጠፋበት፣ የተበላሸ ዕቃ በፖስታ መልሶ በቀናት ውስጥ ምትክ የሚቀበልበት አገር ተቀምጦ ነው። ቦንጋ ላይ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ የሚፈለገው ጨዋታ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩ፣ መጨረሻ ላይ ካርዱ።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ኃይል ማመንጨት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሳይቆራረጥና ሳይዋዥቅ እስከ ቤት ማድረስ ሌላ። ኮምፒውተርን ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም መብራቱ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው መከላከያ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ የሚቀበለው ይመረጣል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ርካሽ ዓይነት ከሆነ፣ ሶኬት ከመሰካቱ በፊት ማብሪያው 230 ላይ መሆኑ ይታይ። 115 ላይ ተረስቶ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ በሰከንድ ይቃጠላል።

ሁለተኛው መከላከያ ዩፒኤስ ነው። ብዙ ቤት ለፍሪጅ ስታቢላይዘር ይገዛል፤ ስታቢላይዘር ግን ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ቮልቴጅ ማስተካከያ ስላላቸው፣ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ዩፒኤሱ ይሻላል። 650 ቪኤ የሚል ጽሑፍ 650 ዋት ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ ዋቱ ከዚያ ያንሳል። የዩፒኤስ ሥራ ጨዋታውን መቀጠል አይደለም፤ ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ምን ልጫወት?" ነው። የድሮ ጨዋታ በኮምፒውተር የሚነሳው በኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር አስተርጓሚ ነው፤ ለሌላ መሣሪያ የተጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ እየመለሰ ያነባል። አስተርጓሚ ደግሞ ከተናጋሪው መፍጠን አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ፕሮሰሰሩ 300 ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም፤ እሱን ለማስመሰል ግን ብዙ እጥፍ ፍጥነት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚጠቅመው የኮሮች ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ስምንት ደካማ ኮር ካለው አራት ፈጣን ኮር ያለው ይሻላል። ፕሌይስቴሽን 3 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍጥነቱንም ብዛቱንም አንድ ላይ ይጠይቃል። በእጅ ለሚያዘው ለፒኤስፒ ደግሞ ደካማ ኮምፒውተርም ይበቃል።

ይህን ያወቀ ወጣት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር በሌላ ዓይን ያያል። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤሊትዴስክ ብዙ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎችን ይሸከማል። ከአራተኛ ትውልድ በታች መውረድ አይመከርም፤ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ኤቪኤክስ 2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ በኢንቴል የመጣው ከዚያ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃና ዊንዶውስ 11 በይፋ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ስለሚቀበል፣ ለአሮጌው ማሽን ሊኑክስ መልመድ ይበጃል። ነጻ ነው፣ ይቀላል፣ ኮዲንግ ለሚማርም አይጎዳም።

ወጥመዱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሙሉ ቁመት ያለው ግራፊክስ ካርድ አያስገቡም። ብዙዎቹም ፓወር ሰፕላያቸው የራሱ ቅርጽና የራሱ መሰኪያ ያለው ነው፤ ቦንጋ ላይ ሲቃጠል ከገበያ በተገኘ አይተካም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጎኑ ይከፈት፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ረጅሙ ባለ 24 ፒን መሰኪያ መሆኑ ይታይ። ካርድ ካስፈለገ ደግሞ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚበቃው እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ ይበቃል። ኃይል የሚበላ ካርድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይጠይቃል፤ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ትልቅ ዩፒኤስ ይጠይቃል፤ ወጪው በዚያው ይቀጥላል።

አዲስ መግዛት ለቻለ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ ምርጫ ለብቻው ካርድ ከመግዛት ያድናል። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር ለግራፊክሱ የሚጠቀመው ራሙን ስለሆነ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመሰካት ሁለት ባለ 8 መሰካት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ደግሞ ታሪኩን ይጠይቅ። ኢቴሪየም በመስከረም 2015 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ሻጩ ፊት ሳይሞከር፣ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጨዋታ ላይ ሳይቆይ የተገዛ ካርድ ወደ ቦንጋ መጫን የለበትም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

የቦንጋ ዝናብም በስሌቱ ይግባ። እርጥበት ለኤሌክትሮኒክስ ጠላት ነው። ሳጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። ነጎድጓድ ሲጀምር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ ይነቀል።

"ይህ ሁሉ ልፋት ለጨዋታ ነው?" የሚል ይኖራል። "ባትሪ ያለው ላፕቶፕ አይሻልም?" የሚልም አለ። ሁለተኛው ጥያቄ ሚዛን አለው። ለጽሑፍና ለትምህርት ብቻ ለሚፈልግ፣ መብራት ለሚጠፋበት ቤት፣ ላፕቶፕ በእርግጥ ይሻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ከሄደ ብዙ ጊዜ ሁሉም ሄደ ማለት ነው፤ በእጅ የተገጣጠመ ግን አንዱ ክፍል ተቀይሮ ይቀጥላል። የገጣጠመው ልጅም የትኛው እንደተበላሸ ያውቃል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይኸው ዕውቀት ነው። ዋትን ከቪኤ የለየ፣ ኢሙሌተር ለምን እንደሚንቀራፈፍ የመረመረ፣ ሊኑክስ የጫነ ልጅ ጨዋታ ፍለጋ ገብቶ ሙያ ይዞ ወጥቷል። ይህን ያህል የሚያስተምረው ኮርስ ውድ ነው።

ገደቡም ይነገር። ኢሙሌተር መሥራት ሕጋዊ መሆኑን የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ በ2000 እ.ኤ.አ. አመልክቷል። ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸው፤ ኮፒ እያባዙ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

የቀረው የወጣቱ ድርሻ አይደለም። አገልግሎታቸውን ጨርሰው በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጡ ኮምፒውተሮች ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደሉም። በጅምላ ጨረታ ሲወጡ የሚገዛቸው ነጋዴ ነው። ዞኑና ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ማሽኖች በነጠላ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ መረጃቸውን አጥፍተው ለተማሪዎች ቢሸጡ፣ ወጣቱ ዕቃውን የሚፈትሽበት አንድ የጥገና ጠረጴዛም ቢከፍቱ ወጪው ትንሽ ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ቡና በዱር የሚበቅልበት የካፋ ልጅ ከዚያ ዶላር የሚጠይቀው አንድ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ቢሆን አልበዛበትም።