ወደ ሲቹዋን ለሚሄድ ነጋዴ

ከአገራችን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ቻይናን አይተናል ይላሉ፤ ነገር ግን ያዩትን በዝርዝር ቢጠየቁ የሚናገሩት ስለ ጓንዡ የዕቃ መጋዘን፣ ስለ ዪዉ ገበያ፣ ስላደሩበትም ሆቴል ብቻ ነው። ለዚህ አይወቀሱም። የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም ተገኝቶ፣ ሱቅ ለሰው አደራ ተሰጥቶ የሚደረግ ጉዞ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ቀን ወጪ ነው። ሆኖም በእኔ አስተያየት ወደዚያ አገር የሚመላለስ አስመጪም ሆነ ላኪ፣ ይልቁንም በበርበሬና በቅመማ ቅመም ንግድ የተሰማራ ሰው፣ አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ጨምሮ የሲቹዋንን ክፍለ ሀገር ቢጎበኝ ያወጣው ገንዘብ ባክኖ አይቀርም።

ሲቹዋን በቻይና ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ በተራሮቹ ውበትና በምግቡ ማቃጠል የታወቀ ክፍለ ሀገር ነው። በርበሬ ለነርሱም ለእኛም የአባት ርስት አይደለም፤ ሁለታችንም ያገኘነው የባሕር ነጋዴዎች ከአሜሪካ አውጥተው በዓለም ላይ ከበተኑት በኋላ ነው። ዛሬ ግን እነርሱ ከበርበሬው የሚያገኙት ጥቅምና እኛ የምናገኘው እኩል አይደለም፤ እኔንም ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነው።

ከዋናው ከተማ ከቼንግዱ አጠገብ ፒሺየን የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ባቄላና ቀይ በርበሬ ከጨው ጋር በትልልቅ ገንቦ ይጠነሰሳል፤ በቀን ፀሐይ እየመታው ይማሰላል፤ ዝናብ ሲመጣ ይከደናል፤ እንዲህ ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ፣ አንዳንዱም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ስልጆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሙያ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ሳይሆን በአሻሻጡ ነው። የፒሺየን ስም በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በሥራ ላይ በዋለው የቻይናና የአውሮፓ ኅብረት ስምምነትም በአውሮፓ ገበያ ጭምር ጥበቃ አግኝቷል። ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ ያዘጋጀውን ፒሺየን ብሎ ሊሸጥበት አይችልም። አገራችን የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በውጭ አገር ለማስመዝገብ የደከመችው ለዚሁ ነበር። የማረቆን በርበሬ ግን በውጭ አገር ሱቅ ስሙን አይቶ የሚገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስሙ እንዲከበር ደግሞ ዕቃው አስቀድሞ መከበር አለበት፤ በእርጥብ መሬት ላይ ተሰጥቶ የሻገተ በርበሬ መርዛም የሆነውን አፍላቶክሲን ሊያመጣ እንደሚችል ላኪዎቻችን ያውቃሉ።

የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጉዞዬ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን ደርሼ፣ ያ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ኖሮ ፋብሪካው ሁሉ ተዘግቶ፣ አንድ ሳምንት በሆቴል ቁጭ ብዬ ከፍያለሁ። ሊቀበለኝ የነበረውም ደላላ ወደ አገሩ ሄዷል። ስለዚህ ከመስከረም 21 እስከ 27 ያለውን ጊዜና የቻይናን አዲስ ዓመት ወራት መሸሽ ነው። ሥራም መልክዓ ምድርም አንድ ላይ የሚመቹት በጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ያን ጊዜ በጂውዣይጎው ሸለቆ የዛፉ ቅጠል ቀልቶና ቢጫ ሆኖ በሰማያዊው ሐይቅ ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሸለቆ በ2017 የምድር መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፤ ኋላ ግን ተከፍቷል። ቀድሞ ከቼንግዱ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ፣ በ2024 በተከፈተው የባቡር ሐዲድ እስከ ቅርቡ ጣቢያ ድረስ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በአውቶቡስ ነው። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለ ሆነ ትኬቱ በፓስፖርት አስቀድሞ ይያዛል። የስፍራው ከፍታ ቆላ የለመደውን መንገደኛ ያስተነፍሰዋል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን እምብዛም አይቸገርም።

ስለ ምግብ ብዙ ማስጠንቀቂያ ሰምቼ ነበር። ቃጠሎው እኛን አያስፈራም፤ የሚያስደነግጠው ምላስን የሚያደነዝዘው ቅመም ነው። ይህ የበርበሬ ዘር ሳይሆን የዛፍ ፍሬ ቅርፊት ነው። በጋራ ድስት ላይ እየፈላ የሚበላውም መረቅ ብዙ ጊዜ የከብት ሞራ አለበት፤ ስለዚህ ጿሚ ሰው ጠይቆ ይብላ። በረቡዕና በዓርብ እኔ የሄድሁት በቼንግዱ ከተማ ወደሚገኘው የዌንሹ የቡድሃ ገዳም ነው፤ በምግብ ቤቱ ሥጋ የሚባል አይገባም። እስላም ወገኖቻችንም የሐላል ምግብ ቤቶችን ምልክት አስቀድመው ቢያጠኑ መልካም ነው።

አንድ ትርፍ ቀን ያለው ነጋዴ ወደ ዚጎንግ ይሂድ። በዚያ የሸንሃይ የጨው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1835 ከ1,000 ሜትር በላይ ተቆፍሮ ነበር፤ የሻንሺ ነጋዴዎች ያሠሩት የማኅበር አዳራሽም የጨው ቤተ መዘክር ሆኖ ቆሟል። በአሞሌ ጨው የተገበያየ ሕዝብ ይህን ማየት ይገባዋል። ስለ ገንዘብ ከተነሣ፣ በዓለም የመጀመሪያው የወረቀት ገንዘብ የወጣው በዚሁ በሲቹዋን ነው፤ የብረቱ ሳንቲም ከብዷቸው የቼንግዱ ነጋዴዎች የጀመሩትን መንግሥት በ1023 ተረከበው። ዛሬ ደግሞ ወረቀቱንም ትተውታል፤ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ቢቀርቡ ባለሱቁ የሚመልሰው ሊያጣ ይችላል። አሊፔይን ወይም ዊቻትን ከአገር ሳይወጡ በስልክ ማዘጋጀትና የባንክ ካርዱ እንደሚሠራ ባንክን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቼንግዱ መብረር ጀምሯል፤ የበረራውን ቀን አጣርቶ፣ በጓንዡ ገብቶ በቼንግዱ መውጣት የሚቻል እንደ ሆነ ትኬት ሲቆረጥ መጠየቅ ነው። የመጨረሻውን ቀን ለፒሺየን ይተዉ። ከልዩ ልዩ ዓመት የተጠነሰሰውን እየቀመሱ፣ የእያንዳንዱን ዋጋ፣ ማሸጊያውንና በላዩ የተጻፈውን ሁሉ ይመዝግቡ። የሚገዙትን በእጅ ሻንጣ ስለማያሳልፉት በሚገባ ጠቅልለው በጭነት ይላኩት። እኔ ያመጣሁትን ባለቤቴ በእንጀራ ቀምሳ፣ «ሰናፍጭ የረሱት ስልጆ ነው» አለችና ማሰሮውን በሳምንት ጨረሰችው።