አካባቢያችንን እንወቅ፦ ዛፍ ተካዮቹ ወፎች

የካቲት ሲገባ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ማሳው ባዶ ነው። ሣሩም ደርቋል። በዚህ ወር በመርጡለ ማርያም ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ፈልጉ ብንባል ወዴት እናያለን? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ነው። ወፎችም እንደኛው ናቸው። ጥላ፣ ምግብና ማደሪያ ፍለጋ ወደ ዛፉ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ስለ ወፎች እናንብብ።

ወፍ ማየትም ዘዴ አለው። ማለዳ እንሂድ። ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን እንቀመጥ። አንነጋገር። እጃችንን አንቀስር። ትንሽ ከቆየን ወፎቹ ይረሱናል። ሥራቸውንም ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ ቁራን እንመልከት። የደጋው ቁራ ትልቅ ነው። መንቆሩ ወፍራም ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እኛ ዘወትር ስለምናየው እንንቀዋለን። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ግን እሱን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ።

አበባ ባለበት ደግሞ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። መንቆሯ ቀጭንና ቆልማማ ነው። በመንቆሯ የአበባውን ጣፋጭ ውኃ ትመጥጣለች። ወንዱ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። የሳይንስ መጻሕፍት ይህችን ወፍ በተከዜ ወንዝ ስም ይጠሯታል።

ሽኮኮ ለማየት ደግሞ ወደ ገደሉ አፋፍ እንውጣ። የሽኮኮ ቤት ዓለት ነው። ዳዊት የሚደግሙ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሽኮኮ ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አንዱ ዘብ ይቆማል። ንስር ሲመጣ ይጮኻል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። ሽኮኮ ሲያዩት ጥንቸል ይመስላል። ዘመዱ ግን ማን ይመስላችኋል? ዝሆን ነው! ሊቃውንት መርምረው ያረጋገጡት ነገር ነው።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። አንድ ጥያቄ አለን። በየደብሩ ያለውን ወይራ ሁሉ ማን ተከለው? ሰው የተከለው አለ። ብዙውን የተከሉት ግን ወፎች ናቸው። ወፍ የወይራን ፍሬ ትውጣለች። ሥጋው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ጠንካራውን ዘር ግን ትተፋዋለች፤ ወይም ከኩሷ ጋር ትጥለዋለች። ዘሩ በወደቀበት ይበቅላል። ጽድንም የሚዘሩት ወፎች ናቸው። ወፍ ደመወዝ የማይከፈላት ዛፍ ተካይ ናት ማለት ነው።

ታዲያ ወፍ እየዘራች ደኑ ለምን አይሰፋም? ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ባለሙያ በደቡብ ጎንደር የ28 ቤተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተዋል። ጥናታቸውን በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር አቅርበው ዶክተር ሆኑ። በእነዚህ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተገኘ። ነገር ግን ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያው አያድግም። ገና ሳይጠና ይበላል፤ ይረገጣል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። በደቡብ ጎንደር ባሉ አንዳንድ ደብሮች ካህናትና ገበሬዎች ተባበሩ። በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ድንጋዩን የለቀሙት ከየማሳቸው ነው። በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም አገኙ። ደኑ ከከብት ተጠበቀ። ማረሻ የሚሰብረው ድንጋይም ከማሳው ወጣ።

«ወፍ እኮ እህላችንን ትበላለች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። እህል የሚበሉ ወፎች አሉ። ከማሽላና ከጤፍ ማሳ እናባርራቸው፤ መብታችን ነው። ሁሉም ወፍ ግን እህል በላ አይደለም። ፍሬ የሚበላ አለ። ትልና አንበጣ የሚለቅም አለ። በዛፍ ላይ ያለችን ወፍ በወንጭፍ የሚመታ ልጅ ምን እንደሚገድል አያውቅም። የነገውን ወይራ ነው የሚገድለው። ሞፈርና ቀንበር የምንቆርጠው ከዛፍ መሆኑን እንንገረው። ከተቆጣነው ይልቅ አጠገባችን አስቀምጠን ብናሳየው ይገባዋል።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ።
1. በዚህ ሳምንት ያያችሁትን የሦስት ወፎች ስም ጻፉ።
2. ከእነዚህ ውስጥ ፍሬ የምትበላው የትኛዋ ናት?
3. በደብራችሁ ዛፎች ሥር ቡቃያ አለ? ስንት ቆጠራችሁ?

ቡቃያ ያጣ ሰው ለጎረቤቱና ለካህናቱ ይንገር። ካብ መካብ የሚቻለው አሁን፣ በበጋው ነው። ዝናቡ ሳይመጣ።