የአገው ፈረሰኞች በዓል፤ ከትዕይንቱ ጀርባ ያለው አርሶ አደር

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ የአዊ ፈረሰኞችን ታስተናግዳለች። የተሸለሙ ፈረሶች ይሰግራሉ፤ ጉግስና ሸርጥ ይካሄዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ነው።

ዓመታዊ ትዕይንት በሌላውም ዓለም አለ። ሬስልማንያ የተሰኘው የአሜሪካ የትግል ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1985 በኒውዮርክ ሲጀመር አንድ ኩባንያ ያዘጋጀው፣ ትኬትና ቴሌቪዥን የሚያኖሩት ንግድ ነበር። የእንጅባራው ትዕይንት ግን የሚዘልቀው አርሶ አደሩ ፈረስ እስካረባ ድረስ ብቻ ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል፤ ለበዓሉ የሚሸለመውም ያው ፈረስ ነው።

ስለዚህ በዓሉን የሚያሰጋው የተመልካች ማነስ አይደለም። የግጦሽ መሬት ሲታረስ፣ መኖ ሲወደድ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የፈረሱን ሥራ ሲወስዱ፣ ፈረስ ማርባት ለባለቤቱ ኪሳራ ይሆናል። አርሶ አደሩ ፈረሱን ከሸጠ ደግሞ ማኅበሩ አባል እንጂ ፈረሰኛ አይኖረውም።

ጉዳዩ ለደቡብ ወሎም ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻና ከደሴ ወጣ ሲሉ በደጋው ቀበሌዎች የጋማ ከብት ዛሬም የገበሬው እግር ነው። ቅርስን የመጠበቅ ዕቅድ ሜዳውን ከማስዋብ በፊት ከጋጣው ሊጀምር ይገባል፤ የመኖ ዘር፣ ክትባትና ለኮርቻ ሠሪዎች የሚሆን ድጋፍ ይኑረው። ጥር 23 የአንድ ቀን ድምቀት ነው፤ ፈረሱ ግን ዓመቱን ሙሉ መብላት አለበት።