ታንታላይዚንግ

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ «ታንታላይዚንግ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል «ጣፋጭ» ብሎ ቢተረጕመው ግማሽ ነጥብ ቀነስሁበት። ለማለፍ የጐደለችውም ያቺው ግማሽ ሆነች።

የቃሉ ባለቤት ታንታሎስ ነው። ይህ ንጉሥ በግሪኮች አፈ ታሪክ ከአማልክት ጋር አንድ ማዕድ ይቆርስ ነበር፤ ኋላ ጥጋብ ቢያስተው የገዛ ልጁን አርዶ አቀረበላቸው ይባላል። ቅጣቱን ሆሜር በኦዲሴይ ተርኮታል፦ በሙታን አገር እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሊጠጣ ጐንበስ ሲል ውሃው ይሸሸዋል፤ ፍሬ ሊቀጥፍ እጁን ሲዘረጋ ነፋስ ቅርንጫፉን ይነጥቀዋል።

እንግዲህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ጣዕም ሳይሆን አጠገብ ሆኖ ስለ ማጣት ነው። ደመወዝ ሊከፈል ሦስት ቀን ሲቀረው በማክሰኝት ገበያ ከማር ሻጭ ፊት የቆመ ጸሐፊ ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል።

በ1802 (እ.ኤ.አ.) ኤከበርግ የተባለ የስዊድን ኬሚስት ያገኘው ማዕድን፣ ኦክሳይዱ በአሲድ ተከቦ ሳለ ምንም አልጠጣ ቢለው፣ ስሙን ታንታለም አለው። ይኸው ማዕድን በአገራችን በጉጂ፣ ቀንጢቻ ላይ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ካስረዳሁ በኋላ ልጁ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ ያቺ ግማሽ ነጥብ ታንታላይዚንግ ናት» አለኝ።

መለስሁለት።