በሽተኛውን ማን ጠየቀው?

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም። ቃሬዛ ይዘጋጃል፤ የአገሩ ጐልማሳ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ ከቆላው ሽቅብ ወደ መኪና መንገድ ያወጣዋል። ይህን ልማድ የምናነሣው ልንነቅፈው አይደለም፤ ከተማ የገባው ወገናችን የጎረቤቱን ሞት በሦስተኛው ቀን በሚሰማበት በዚህ ዘመን እንዲያውም የሚያኰራ ነው። ዳሩ ግን ያ የተሸከመ ትከሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ አፍም ይሆናል። ሐኪሙ በሽታውን የሚያስረዳው ከዘመዶቹ መካከል በዕድሜ ለገፋው ነው። «እግሩ ይቈረጥ» ወይም «አይቈረጥም፥ ወደ ጸበል እንመልሰዋለን» የሚባለው በሽተኛው ተጋድሞ እየሰማ ነው። በመጨረሻ ከእርሱ የሚፈለገው አውራ ጣቱ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ቀለም ተነክሮ ወረቀቱ ላይ ይታተማል።

ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አንድ በሽተኛ ስለ ገዛ አካሉ ለመወሰን አእምሮው አይበቃም የሚባለው መቼ ነው? በልማዳችን መልሱ ቀላል ነው። የታሰረ ከሆነ አይበቃም፤ ካረጀ አይበቃም፤ ከሁሉም በላይ ሐኪሙን «እምቢ» ካለ አይበቃም። «እሺ» ያለውን ግን ማንም አይጠራጠረውም። ትኩሳት ሲያቃዠው ያደረ ሰው ምን እንደ ተጠየቀ ሳያውቅ ራሱን ቢነቀንቅ፥ ፈቀደ ተብሎ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገባል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር ከልማዳችን ይሻላል። በቊጥር 192 ሰው ሁሉ፥ ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በቀር፥ ችሎታ እንዳለው ይቈጥረዋል። በቊጥር 20 ደግሞ ሰው በማንኛውም ጊዜ በሐኪም መመርመርን ወይም መታከምን እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እንደ ክትባት ላለው የሕዝብ ጤና ጉዳይ ልዩ ደንብ ቢኖርም መሠረቱ ይኸው ነው።

ያው ሕግ ግን ወደ ገጠር ሲወርድ ይለወጣል። በቊጥር 341 የሰው እብደት በግልጽ ታውቋል የሚባለው ስለ አእምሮው ሁኔታ ሐኪም ቤት ገብቶ ሲገኝ ነው። በቊጥር 342 ግን ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነበት አገር፥ ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከሉት መሆኑ ይበቃል። ለከተሜው ሐኪም ቤት፥ ለገበሬው ገመድ ማለት ነው! ቊጥሩ የተጻፈው ለውልና ለመሰለው ጉዳይ እንጂ ለሕክምና እንዳልሆነ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ሳይነግሩን እናውቃለን። ሐኪም በሌለበት አገር ሕግ አውጪው ሌላ ምን ምልክት ሊይዝ ኖሯል ቢሉንም አንከራከርም። ዳሩ ግን ይኸው ሐሳብ ከውል አልፎ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሟል። ገመዱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ገመድ ግን የሚመሰክረው ስለ ቤተ ሰቡ ፍርሃት ነው። ልጃቸው በሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ ያሰሩት እናትና አባት ጨካኞች አይደሉም፤ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ሆኖ ሲኖር፥ ከስማዳ አዲስ አበባ ድረስ በሽተኛ ይዞ መሄድ ለገበሬ በሬውን መሸጥ ነበር። ሆኖም ያ የታሰረ ልጅ ትርፍ አንጀት ቢያመው፥ ስለ ሆዱ ሊጠየቅ አይችልም ያለው ማን ነው?

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር የሚፈተነው በድጓው ነው። ልብሱ ቢያድፍ፥ ጠባዩ ቢከፋ፥ ስለ ሌላው ነገር የሚያወራው ሁሉ ስሕተት ቢሆን፥ የሚጠየቀው ያው ድጓው ነው። የበሽተኛም አእምሮ እንዲሁ በቀረበለት ጉዳይ ሊፈተን ይገባል። የተነገረውን ተረድቷልን? እስኪወስን ድረስ በልቡ ሊይዘው ይችላልን? ጥቅሙንና ጉዳቱን ሊመዝን ይችላልን? ምርጫውንስ በቃልም ሆነ በምልክት ሊገልጽ ይችላልን? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ሕግ የያዙት መለኪያ ይህ ነው። ሰው ሞኝነት የሚመስል ውሳኔ ስለ ወሰነ ብቻ ችሎታ የለውም እንዳይባልም በዚያው ጽፈዋል።

ከዚያ አስቀድሞ፥ በ1993 እ.ኤ.አ.፥ ብሮድሙር በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሚኖር የ68 ዓመት ሰው ጉዳይ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ጋንግሪን እግሩን ስለ ያዘው ሐኪሞች ከጉልበቱ በታች እንዲቈረጥ መከሩት፤ እርሱ እምቢ አለ። ሰውየው ራሱን በዓለም የታወቀ ሐኪም ነኝ ብሎ የሚያምን በሽተኛ ነበር። በሌላ ሕክምና የወዲያው አደጋ ካለፈ በኋላም ሆስፒታሉ ወደ ፊት አልቈርጥም ለማለት አልፈቀደም። ዳኛው ግን ሰውየው ስለ እግሩ የተነገረውን ተረድቶ፥ አምኖና መዝኖ እምቢ ብሏል በማለት ያለ ፈቃዱ እንዳይቈረጥ አዘዙ። ስለ ሐኪምነቱ የተሳሳተው አእምሮ ስለ እግሩ አልተሳሳተም!

«ጸበል ይሻለኛል» ያለውን ገበሬ ስለዚህ ቃል ብቻ አእምሮው ጐድሏል ማለት አገሩን በሞላ እብድ ማለት ነው። የሚጠየቀው፥ እግሩ ሳይቈረጥ ቢቀር ምን ሊደርስበት እንደሚችል ማወቁ ነው። «ልሞት እችላለሁ፤ ቢሆንም ከነእግሬ ልቀበር» ካለ ገብቶታል፤ እኛ ባንወድለትም ገብቶታል። የጠቈረውን እግር እያየ «ይህ ደኅና ነው፥ ምንም አልሆነም» ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ደጋግሞ ሊያስረዳውና ሊመረምረው ይገባል። የሚያቃዠው የቆላው ወባ ከሆነ ወባው ይታከም፤ ሕመሙ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ነገ ይጠየቅ። ደሙ እየፈሰሰ ራሱን የሳተውን አስቀድሞ ማዳን እንጂ መጠየቅ እንደማይቻል ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻም።

ከእኛው መካከል «ለገበሬ ይህ ሁሉ አይገባውም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ጓደኞቻችን በምዝገባ ቀን የሚፈርሙትን ወረቀት አንብበውት ያውቃሉን? በክፉ ዘመን ከጐተራው ስንቱን በልቶ ስንቱን ለዘር እንደሚያስቀር ሲመዝን የኖረ ሰው መመዝን አያውቅም ማለት ያስቃል። የማይገባው ቋንቋው ነው፤ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ማስረጃ ለማን ይገባል?

እንግዲህ ነገ ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የምትመደቡ የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ከሽማግሌው ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ዘመዶቹን ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ አስወጧቸው። ታስሮ እንደ ሆነ ፍቱት፤ የሚያስፈራ ከሆነም አንድ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ከአልጋው ጐን ተቀምጣችሁ «አባቴ፥ ምን አመምዎ? ሐኪሞቹ ምን እናድርግ አሉዎት?» ብላችሁ በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የተናገረውን ሳታሳምሩ በካርዱ ላይ ጻፉት። ዘመዶቹን ከዚያ በኋላ ጥሯቸው፤ ቅር ሊላቸው ይችላል፥ ያንን ሁሉ አቀበት ተሸክመውት መጥተዋልና፤ የሚቀመጡበት ፈልጉላቸው።